ሽመላ ያረፈችበት ውኃ፦ የኹላ፣ የኪነረትና የያም ሃመላሕ ታሪክ



በጎንደር መንደሮቻችን ሽመላ በሰማይ ስታልፍ ልጆች ቀና ብለው ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቋት እንደነበር ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ በልጅነታችን የመጣን፣ ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለን፣ ነገሩን ግማሹን በዐይናችን አይተን ግማሹን ከእናንተ አፍ ነው የሰማነው። ጠያቂው ብዙ ነበር፤ መልስ የሰጠ ወፍ ግን የለም። ሽመላዋ ግን እውነትም በዚህ አገር በኩል ነበር የምትመጣው። ነጭ ሽመላ ከአውሮፓ ተነሥታ ወደ አፍሪካ ስትወርድ የምትንሳፈፈው ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ስለሆነ ሰፊ ባሕር ማቋረጥ አይሆንላትም። ስለዚህ ዳር ዳሩን ይዛ በእስራኤል ሰማይ ታልፋለች። በየዓመቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሽመላ በዚህች ጠባብ አገር ላይ ያልፋል። ሲደክማት ውኃና ሣር ካለበት ታርፋለች። ከማረፊያዎቿ አንዱ በሰሜን ያለው የኹላ ሸለቆ ነው።

እንግዲህ እናንተ ስለ ኢየሩሳሌም ስትጠይቋት በነበረበት ዘመን፣ ሽመላዋ ያረፈችበት ውኃ እየደረቀ ነበር። ያደረቀውም ሰው ነው፤ ያውም በደስታና በዘፈን። ዛሬ የምንጽፈው ይህንን ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።

ለምን አሁን? በሥራችን ብዙ ቤት እንገባለን። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣል፤ ስለ ምድር መሞቅ፣ ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ውኃ ተምሯል። «ሳቭታ፣ ውኃውን ዝጊው!» ይላል። በአንቺታ ነው የሚያወሩት፣ ዕብራይስጥ «እርስዎ» የለውም፣ ምን ይደረግ። አያት ፈገግ ብላ ትዘጋለች፤ ምንም አትልም። እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ የኖረች ሴት የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ውኃ ሲያስተምራት ዝም ትላለች። በኋላ ስንጠይቃት «ይኼ የነሱ ትምህርት ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን» ትለናለች። እኛን የሚከነክነን ይህች መልስ ናት። ምክንያቱም ይህ አገር ስለ ውኃውና ስለ መሬቱ የሚያውቀውን ነገር አብዛኛውን የተማረው ትናንት ነው፤ እሱንም ተሳስቶ ነው የተማረው።

ኹላ ከኪነረት በላይ፣ በጎላን ከፍታና በናፍታሊ ተራሮች መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከሔርሞን ተራራ ሥር የሚወጡት ምንጮች እዚያ ይሰበሰቡና ዮርዳኖስ ይሆናሉ። ድሮ በሜዳው መካከል ጥልቀቱ ብዙም ያልሆነ ሐይቅ፣ በላዩ ደግሞ ሰፊ ረግረግ ነበር። ረግረጉ የደንገል ጫካ ነው። ደንገል ስንል ያው የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። ኹላ ደንገል በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው የመጨረሻ ሰሜናዊ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከደምቢያ የመጣ ሰው ዛሬ ሄዶ ቢያየው አገሩ የገባ ይመስለዋል። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ዓረቦች ከደንገሉ ምንጣፍ እየሠሩ ይሸጡ ነበር፤ ከብታቸውም በውኃ ውስጥ የሚውል ጎሽ ነበር። በ1948ቱ ጦርነት ጊዜ አብዛኞቹ ከቦታው ወጡ።

ረግረጉ ወባ ነበረበት። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው ታሞ እንደሚመለስ፣ ደምቢያ ሜዳ በክረምት መውጫ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ናችሁ። በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ ደጋው ሳይቀር በወባ ተመትቶ ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከእናንተ መካከል ያኔ ልጅ የነበሩ፣ ቤት ሙሉ ሰው ሲወድቅ ያዩ ይኖራሉ። እንግዲህ ኹላን ያደረቁትን ሰዎች ለመፍረድ ስንቸኩል ይህን ማሰብ ደግ ነው። እነሱም በወባ ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። አገሩ ገና ተመሥርቶ ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሞሮኮ የመጣው ሕዝብ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ተጣብቦ፣ ምግብም በራሽን ይታደል ነበር። የሚታረስ መሬት ያስፈልጋል። ረግረግ ደግሞ በዚያ ዘመን ሰው ዐይን ዝም ብሎ የተቀመጠ ባዶ መሬት ነው።

ሥራው በ1951 ተጀመረ። ያካሄደው ቀረን ቀየመት ነው፤ ያች ሰማያዊ የገንዘብ ሣጥን ያለችው። ትልልቅ መኪናዎች የዮርዳኖስን አልጋ አሰፉት፣ አጠለቁት፤ በሜዳው ውስጥ ቦይ ተቆፈረ፤ ውኃው ወደ ኪነረት ፈሰሰ። ጠረፉ ላይ ከሶርያ ጋር ተኩስ ሁሉ ነበረ። በ1958 ሥራው አለቀ። ሐይቁ የለም። የኢትዮጵያ ደጋ በወባ የሚያልቅበት ዓመት፣ እዚህ የወባው ረግረግ ደርቆ ሕዝብ የሚደሰትበት ዓመት ሆነ። ግን አንድ ነገር አለ። ወባው በኹላ ዲዲቲ በሚባለው መድኃኒት ረግረጉ ከመድረቁ በፊት በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ማለት ትልቁ ምክንያት ሥራው ሳይጀመር አልቋል። ሥራው ግን ቀጠለ፤ ትልቅ ነገር አንዴ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል?

አንዳንድ የተፈጥሮ ሊቃውንት «ተው» ብለው ነበር። ብዙ ሰው አልሰማቸውም። ቢሆንም ትግላቸው ሁለት ነገር ወለደ። አንደኛው በ1953 የተመሠረተው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ነው፤ ልጆቻችን ዛሬ ቲዩል ሲሄዱ የሚመራቸው ያ ማኅበር ነው። ሁለተኛው፣ ከረግረጉ ትንሽ ቁራጭ ሳይደርቅ እንዲቀር መደረጉ ነው። ያ ቁራጭ በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ።

የደረቀው መሬትስ? መጀመሪያ ጥሩ መስሎ ነበር፤ ጥጥም ሌላም ተዘራበት። ዳሩ ግን የረግረግ አፈር ሌላ ዓይነት አፈር ነው። በሺህ ዓመታት ከበሰበሰ ደንገልና ሣር የተከማቸ ጥቁር አፈር ነው፤ በውኃ ተሸፍኖ እያለ ይቆያል፤ አየር ሲያገኘው ይበላል። ደረቀ፣ ዱቄት ሆነ፣ ነፋስ ወሰደው። ከሥሩ እሳት እየተነሣ መሬት ውስጥ ለውስጥ ይቃጠል ጀመር። ሜዳው ከዓመት ዓመት እየሰመጠ ሄደ፤ በአንዳንድ ቦታ በሜትር የሚለካ ነው። አይጥ በዛ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከዚያ አፈር የሚወጣው ናይትሬት በዝናብ ታጥቦ ኪነረት ገባ። ረግረጉ ለኪነረት ወንፊት ነበር፤ ወንፊቱን ቀደው ሲጥሉት ቆሻሻው በቀጥታ አገሩ የሚጠጣው ውኃ ውስጥ ወረደ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ የዓሣ ዝርያም አብሮ ጠፋ።

እዚህ ላይ ጣናን ያነሣን እንደሆነ ከነገራችን አልወጣንም። ከ2011 ጀምሮ ጣናን የወረረውን እምቦጭ በስልክም በዜናም ሰምታችኋል። ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም ያለው ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የሚያሳይ ቪዲዮ በየዋትሳፑ ይዞራል። እምቦጭን የሚያወፍረው ከማሳ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ዳር ያለው ረግረግና ደንገል ለእርሻ ሲመነጠር ወንፊቱ ይቀደዳል። በኹላና በኪነረት የሆነውም ይኸው ነው፤ አንዱን ቡልዶዘር ሠራው፣ ሌላውን በሬና ሞፈር።

የእኛንም ወገን ታሪክ ሳናስውብ መናገር አለብን። አንዳንድ ጊዜ ልጆች ዘንድ ሄደን «አያቶቻችሁ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተው ነው የኖሩት» ስንል ቀጥ ያለ እውነት አይደለም። አባቶቻችን ብዙዎቹ ርስት የሌላቸው ጢሰኞች ነበሩ፤ እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በሰው መሬት ነው ያረሱት። የራስህ ያልሆነን መሬት ለልጅ ልጅ ብለህ አትንከባከብም፤ ነገ ትነሣለህና። የእጅ ሥራችንም እንጨት ይበላል። ቀጥቃጭ ያለ ከሰል አይሠራም፤ ሸክላም ያለ ማገዶ አይተኮስም። ሰሜን ተራራ ላይ ገደል አፋፍ ድረስ ገብስ ይዘራ ነበር፤ ድሀ ምን ያድርግ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ለዋሊያው የቀረው ቦታ እንዲያ ጠቦ ነበር።

ስለዚህ ልዩነቱ እኛ ጥሩዎች እነሱ ክፉዎች መሆናችን አይደለም። ልዩነቱ እናንተ የምታጠፉት ነገር ምን ያህል እንደሆነ በጀርባችሁ ታውቁት ነበር። ውኃ በእንስራ የተሸከመ ሰው ስንት እንደሚከብድ ያውቃል። መንደሮቻችን ወንዝ አጠገብ የሚሠሩት በሕጋችን ምክንያት ነው፤ ለመንጻት የሚፈስ ውኃ ያስፈልጋል። ያ ወንዝ ሲደፈርስ ወይም ሲጎድል ነገሩ የምግብና የመጠጥ ብቻ አልነበረም፣ የእምነትም ነበር። መሬት እንዲያርፍ መተው፣ ገብስ ዘርቶ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ መዝራት፣ የበሬውን እበት መመለስ፣ ይህ ሁሉ በደብተር ያልተጻፈ ሒሳብ ነው።

እዚህ ስንመጣ ያ ሒሳብ የተማሪ ዕውቀት ሆኖ አልተቆጠረም። አንድ መርከዝ ክሊታ ውስጥ እናቶቻችን ዕቃ ያጠቡበትን ውኃ በባልዲ ይዘው ወጥተው ደጅ ያለውን ዛፍ ሲያጠጡ፣ አስተማሪዋ «እዚህ አገር ቧንቧ አለ፣ ይህን አታድርጉ» ብላ ስታስቆማቸው እኛ ልጆቹ ነበርን አስተርጓሚዎቹ። ክፋት አልነበረባትም። በዚያን ዘመን ዘመናዊነት ማለት ቧንቧ ከፍቶ መተው ነበር።

ያ ቧንቧስ ውኃውን ከየት ያመጣ ነበር? በከፊል ከኪነረት። በ1964 ሃሞቪል ሃአርጺ የሚባለው የአገር የውኃ መስመር ተመረቀ። ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከፊሉ ክፍት ቦይ፣ ከፊሉ ዋሻ፣ ከፊሉ ወፍራም ቧንቧ ነው። ኪነረት ከባሕር ወለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ውኃውን ከዚያ ጉድጓድ ወደ ላይ ገፍቶ ለማውጣት ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከዚያ ወደ መሐል አገርና ወደ ነገቭ ይወርዳል። ነገቭ በረሓው ለመለመ፤ ከተማ በከተማ ላይ ተሠራ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ትልቅነቱን ማንም አይክድም። እኛ ከገባንባቸው ሠፈሮች ብዙዎቹ ያለዚያ ዓይነት መስመር የሚኖሩ አልነበሩም።

በ1984ና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በሞሼ ዘመቻ የገቡት ወላጆች የመጡት ከድርቅ ነው። በዚያ መንገድ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን ቀርተዋል፤ ብዙዎቹን የገደለው ውኃ ጥምና ከቆሸሸ ውኃ የሚመጣ በሽታ ነው። ከዚያ በኋላ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ዝም ብሎ ያየ፣ ቀጥሎ ያለቀሰ አባት ብናስታውስ አይገርምም።

በግንቦት 1991 በሽሎሞ ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲገባ ደግሞ ይህችም አገር በድርቅ መጨረሻ ላይ ነበረች። ሦስት ክፉ ዓመታት አልፈውባት ኪነረት በጣም ወርዶ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ክረምት ከማይረሱት አንዱ ሆነ። የ1992ቱ ዝናብና በረዶ! በሆቴልና በካራቫን ተሰጥተን፣ በረዶ ምን እንደሆነ የማናውቅ ልጆች ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አድረን ስንሰማው። ኪነረት ሞላ፤ ከመሙላቱ የተነሣ የደጋንያ ግድብ ተከፍቶ ውኃው ወደ ዮርዳኖስ ተለቀቀ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ዝናቡን ይዘን መጣን» ይሉ እንደነበር እናስታውሳለን። በዕብራይስጥ የሚተረጉምላቸው ስላልነበረ ጋዜጣ ላይ አልወጣም።

ደስታው አልቆየም። በኅዳር 2001 ኪነረት ከባሕር ወለል በታች 214.87 ሜትር ደረሰ፤ ከተለካ ጀምሮ ዝቅተኛው ነው፤ «ጥቁር መስመር» የሚባለው እሱ ነው። ቀይ መስመሩ ደግሞ 213 ሜትር ላይ ነው። በዜና መጨረሻ ሰውዬው ኪነረት ስንት ሳንቲ ሜትር ወረደ፣ ስንት ወጣ ብሎ የሚናገረው ለዚህ ነው፤ አባቶቻችን ዕብራይስጡ ባይገባቸውም ያቺን ቁጥር ለይተው ያዳምጡ ነበር፤ የክረምት ነገር ነውና። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ታዋቂ ሰዎች በቴሌቪዥን ቀርበው ፊታቸው እንደ ደረቅ መሬት እየተሰነጣጠቀ «እስራኤል እየደረቀች ነው» የሚሉበት ማስታወቂያ ወጣ። ሣር ማጠጣት ተከለከለ፣ በ2009 የድርቅ ቀረጥ መጣ። የዚያን ጊዜ ነው ትምህርት ቤት ለልጆች የዕቃ ማጠቢያ ውኃን በባልዲ ይዞ አበባ ማጠጣትን ያስተማረው። እንደ አዲስ ነገር። ባልዲዋን ታስታውሳላችሁ።

ኹላ ላይም ያን ጊዜ ነገር ተለውጦ ነበር። ገበሬዎቹ ራሳቸው መሬቱ እንደማያዋጣ አይተው፣ በ1994 ከደረቀው ሜዳ ላይ ወደ 1,000 ዱናም ገደማ እንደገና ውኃ ተለቀቀበት። አጋሞን ይባላል፤ ትንሹ ሐይቅ ማለት ነው። ያደረቀው ቀረን ቀየመት ነው መልሶ ውኃ በመልቀቁ ሥራ የተሳተፈው፤ ይህን ሳያፍሩ ይናገሩታል፤ እኛም እናከብርላቸዋለን። ወዲያው ወፎቹ መጡ። ዛሬ በክረምት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዓጉር፣ ያ ረጅም እግርና አንገት ያለው ግራጫ ወፍ፣ እዚያ ያድራል። ከእነዚያ ወፎች ከፊሉ እዚያ አይቆሙም፤ ቀጥለው እስከ ጣና ዳር ይወርዳሉ። በሳይንስ ሰዎች ጠፍታለች ተብላ በ1996 የተፈረደባት የኹላ እንቁራሪት ደግሞ በ2011 በጥብቁ ቦታ ውስጥ በሕይወት ተገኘች። ግን አትሳቱ፤ የተመለሰው ከጠፋው ጥቂቱ ነው። የተቃጠለው አፈር አይመለስም፤ የጠፋው ዓሣም እንዲሁ።

ከኪነረት በታች ያለው ታሪክ ይከፋል። ሽማግሌዎቻችን ከሞዓዶን ጋር በአውቶቡስ ያም ሃመላሕ ይሄዳሉ፤ ለጉልበትና ለወገብ ሙቅ ውኃው ጥሩ ነው ይላሉ፣ እውነትም ነው። እዚያ የሚያዩት ባሕር ግን የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። ያም ሃመላሕን የሚመግበው ዮርዳኖስ ነው። የዮርዳኖስን ውኃ ላይኛውን እኛ በኪነረት ያዝነው፣ የያርሙክን ወንዝ ሶርያና ዮርዳኖስ ያዙት፤ ዛሬ ወደ ባሕሩ የሚደርሰው ከድሮው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ በሁለቱም ዳርቻ ያሉት የማዕድን ፋብሪካዎች ውኃውን ገንዳ ላይ አድርቀው ፖታሽ ያወጡበታል። ስለዚህ ባሕሩ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከ40 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ስፋቱም አንድ ሦስተኛ ያህል ጠፍቷል።

ውኃው ሲሸሽ ዳሩ መሬት ይፈርሳል። ከመሬቱ ሥር ወፍራም የጨው ንጣፍ አለ፤ ድሮ ጨዋማው ውኃ ይዞት ነበር። አሁን ከተራራ የሚወርደው ጣፋጭ የከርሰ ምድር ውኃ ገብቶ ጨውን ያሟሟዋል፤ ከሥር ባዶ ይሆንና አንድ ቀን ላዩ ይደረመሳል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል። የዔን ጌዲ የሕዝብ መታጠቢያ በዚህ ምክንያት ተዘጋ፤ የተምር እርሻ ተጥሏል፣ መንገዱም ተቀይሷል። ሆቴሎቹ ያሉበት ዔን ቦቄቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ ያለው እውነተኛው ባሕር አይደለም፤ የባሕሩ ደቡብ ክፍል ደርቋል፣ አሁን ያለው በቦይ እየተገፋ የሚመጣ የፋብሪካ ገንዳ ነው። ገንዳው ሥር ጨው እየረጋ ወለሉ በየዓመቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚነሣ፣ ውኃው ሆቴሎቹ ውስጥ እንዳይገባ ጨው እየተቆፈረ ይወጣል። እስቲ አስቡት፤ በሰሜን ባሕሩ ይሸሻል፣ በደቡብ ሆቴሉን እንዳያሰጥም ይፈራል። አንድ ባሕር ነበር።

በዚህ መካከል ቧንቧው አልደረቀም፤ ለምን? ከሜዲትራንያን የሚጣራው ውኃ ደረሰለት። አሽቀሎን በ2005 ጀመረች፣ ከዚያ ፓልማሒም፣ ኻዴራ፣ ሶሬቅ፣ በ2015 ደግሞ አሽዶድ። ዛሬ በየቤታችን ከምንጠጣው ውኃ ከግማሽ በላይ የባሕር ውኃ ነው። ከሰገራ ቤትና ከማጠቢያ የሚወጣውም ተጣርቶ ከአስር እጅ ወደ ዘጠኝ እጅ የሚሆነው ለእርሻ ይመለሳል፤ በዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርግ አገር የለም። ከኪነረት የሚቀዳውም በጣም ቀንሷል። እኛ ይህን ስናይ እንደማንኛውም ሰው ደስ ይለናል። ግን የተጣራው ውኃ በነጻ አይመጣም። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ ከባሕር ለማጣራት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል። ያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከጋዝ ነው፤ ቀደም ሲል ከድንጋይ ከሰል ነበር። ጭሱ አየሩን ያሞቃል፤ አየሩ ሲሞቅ ዝናቡ ያንሳል፤ ዝናብ ሲያንስ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ ይሠራል። የሚቀረው እጥፍ ጨዋማ ውኃም ተመልሶ ባሕር ይደፋል። ኹላ ላይ እንዳየነው፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው በሽታ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው።

በብሎኮቻችን ጀርባ ግን ሌላ ነገር እናያለን። ጡረታ የወጡ አባቶች ማንም ያልፈለገውን ቁራጭ መሬት ቆፍረው ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ዘርተዋል። ብዙዎቹ ውኃውን ከቤት በጀሪካን ነው የሚያወርዱት። በአንድ ከተማ አትክልቱን «ያለ ፈቃድ የተሠራ» ብለው መጥተው ነቅለውታል። በሌላ ከተማ ደግሞ ያው ከተማ ራሱ አጥር አጥሮ ቧንቧ አስገብቶ «የማኅበረሰብ ጓሮ» ብሎ ሰየመው፤ የጋን ልጆች በሰልፍ እየመጡ አባታችን ዘር ሲዘሩ ያያሉ። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ጎመን ከመሬት እንደሚወጣ አላወቀችም ነበር። አባባ ስለ ደምቢያ አፈር ሲያወሩላት አስተማሪዋ ትተረጉማለች፤ አስተማሪዋ የእኛው ልጅ ናት።

ውኃውን ካነሣን ዘንድ አንድ የኪስ ጉዳይም አለ። የውኃ ሒሳብ ሁለት ዋጋ አለው። ለእያንዳንዱ ሰው በወር እስከ 3.5 ሜትር ኩብ፣ በቀን ወደ 115 ሊትር መሆኑ ነው፣ በዝቅተኛ ዋጋ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛው። ይህ የሚሆነው ግን በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ለታጊድ ማይም ከተነገረ ነው። ካልተነገረ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ሆኖ ይቆጠራል። ስምንት ሰው ያለበት ቤት በወር 28 ሜትር ኩብ በርካሹ ማግኘት ሲገባው 7 ብቻ ያገኛል፤ የቀረውን በውድ ይከፍላል። ቆጥበው እየተጠቀሙ እንደ አባካኝ የሚከፍሉ ቤተሰቦች በሥራችን አግኝተናል። ሒሳቡ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ቁጥሩን በእጥፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ የሰው ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ «2» ተጽፎ ካያችሁ፣ ቤታችሁም ከሁለት በላይ ከሆነ፣ ተውዳት ዜሁቱን ከነስፋሑ ይዛችሁ ኑ። ቅጹ በዕብራይስጥ ስለሆነ አብረን እንሞላዋለን።